ማዳበሪያውን ንከረው

በሰፈራችን በማዳበሪያ የምንታወቅ ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነጋሽ ነኝ፤ ሃያ ሰባት ዓመት በማዳበሪያ መጋዘን ንብረት ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ። ሁለተኛዋ ከአጥሬ ማዶ ያለችው አዴ ሀሊማ ናት፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። እሷ የምትነግደው ባዶውን ነው፤ ድንችና ሽንኩርት፣ ቡናና በቆሎ የሚሞላበትን ከረጢት። መቼም በአገራችን ማሳ ላይ የሚበተነውም ማዳበሪያ፣ የመጣበት ከረጢትም ማዳበሪያ ነው። «አንተ ሥጋውን ታድላለህ፣ እኔ ቆዳውን እሸጣለሁ» ትለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ቀልድ ስቄያለሁ። በዚሁ ቃል እንደማፍር ግን ማን ነገረኝ!

ይህን የምጽፈው የእሷን ኑሮ ለመናገር ነው። የእሷን ስናገር የእኔ ጉድ አብሮ መውጣቱ አይቀርም፤ ይውጣ። ስንት ጊዜ ሊወጣ ሲል በጥርሴ ይዤ የመለስኩት ጉድ ነው።

ሀሊማ የተወለደችው ከገለምሶ ወጣ ብሎ ካለ የቡና ገበሬ ቤት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሳቢት የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ወደ ጭሮ መጣች፤ ያኔ ሁላችንም አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ልጃቸው ኡምኩልሱም የተወለደችው በክረምት፣ ዝናብ መንገዱን በዘጋበት ቀን ነበር። የተቀበለቻት ባለቤቴ እቴነሽ ናት። እቴነሽ አዋላጅ አይደለችም፤ ቅርብ የነበረች እሷ ስለሆነች ብቻ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። ልጅቷ ጡት ሳትጥል ሳቢት ታሞ ሞተ። ሀሊማም ልጇን አዝላ ገበያ ወረደች። ነጋዴዎች የጣሉትን የተቀደደ ማዳበሪያ ትሰበስባለች፣ ታጥባለች፣ አጥር ላይ ታሰጣለች፣ በትልቁ መርፌ ትጥፋለች፣ መልሳም ለነዚያው ነጋዴዎች ትሸጣለች። አንድም ቀን «ቸገረኝ» ስትል አልሰማሁም። ይህን የምለው ላወድሳት ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ያናድደኝም ነበር።

የራሷ ቤት አልነበራትም። አምስት ጊዜ ቤት ቀይራለች፤ አምስቱም እዚሁ ሰፈር፣ አምስቱም ኪራይ፣ የአምስቱም ግቢ ወይ ሲሚንቶ ወይ ድንጋይ። አባቷ ከገለምሶ ያመጡላትን የሎሚ ችግኝ የምትተክልበት አንድ ክንድ አፈር ብታጣ፣ የኡምኩልሱምን የወተት ዱቄት ጣሳ ቂጡን በሚስማር በስታ እዚያ ተከለችው። ከዚያ መዓዛው የሚያውድ ሪሃን መጣ፣ ከዚያ ጤና አዳም፣ ከዚያ ጽጌረዳ። በወገቡ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ አፈር መያዝ የሚችል ነገር ሁሉ እሷ ቤት ሥራ ያገኛል። ሁሉንም በአንድ ስም «ጣሳ» ነው የምትለው። ቤት ስትለቅ የቤት ዕቃዋ በአንድ ጋሪ፣ አትክልቷ በአራት ጋሪ ይጓዝ ነበር። «ሰው መሬት ላይ ይኖራል፤ እኔ መሬቴን በጣሳ ይዤ እዞራለሁ» ትላለች። በሰፈሩ ሙሽራ ሲገባ፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ ከእሷ ግቢ አንድ ጣሳ ይወጣል። እኛ ደጅ ያለው ጽጌረዳ እናቴ የሞተች ጊዜ የመጣ ነው።

አሁን ያለችበት ስድስተኛው ቤት የራሷ ነው። ኡምኩልሱም ድሬዳዋ ሥራ ይዛ፣ እዚያው አግብታ ለእናቷ የገዛችላት። ግቢው ግን ያው ሲሚንቶ ነው። ባለፈው ዓመት ስንቆጥር መቶ ስልሳ አራት ጣሳ ሆነ። ጣሳው ሲበዛ ጉልበቷ አነሰ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጀምራ፣ በጆግ እየቀዳች፣ እያንዳንዱ ላይ እያጎነበሰች ስታጠጣ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። ያም ቧንቧው የመጣ ቀን ነው፤ ባልመጣ ቀን ከጀሪካን እየቆጠበች ነው።

«ያ ነጋሽ» አለችኝ አንድ ቀን በኦሮምኛዋ ጠርታኝ፣ አጥሩን ተደግፋ። «አንተ የግብርና ሰው አይደለህ እንዴ? ጉልበቴ አለቀ። ወይ መላ አምጣ፣ ወይ ግማሹን ለሰው ልስጥ።»

የግብርና ሰው! ልቤ አበጠ። እውነቱን ለመናገር እኔ ባቄላ እንኳ ተክዬ አላውቅም። የእኔ ሥራ ኩንታል ቆጥሮ ማስረከብና ማስፈረም ነበር። ግን ሃያ ሰባት ዓመት ገበሬ ሁሉ «ባለሙያው» እያለ ሲጠራህ በመጨረሻ አንተም ታምናለህ።

መላውን አብረን ፈጠርነው፤ እርግጥ ሰው ሲጠይቀኝ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ነበር የምለው። መጀመሪያ ጣሳዎቹን በጥማቸው ለየናቸው። ውሃ የሚወዱት ጽጌረዳውና ሪሃኑ፣ ቃሪያውና ሎሚው ወደ አንድ ወገን፤ ሬትና ጤና አዳም፣ ሳምንት ቢረሱም የማይቀየሙት፣ ወደ ግቢው ጫፍ። ትንንሾቹን ተክሎች ወደ ትልልቅ ጀሪካን አዛወርናቸው፣ ብዙ አፈር ያለው ቶሎ አይደርቅምና። ላዩን የቡና ገለባ አለበስነው። ቀጥሎ አንድ የውሃ በርሜል ብሎኬት ደራርበን ከፍ አድርገን አስቀመጥንና ከሥሩ መክፈቻ አስገጠምንለት። ከመክፈቻው ጥቁር የውሃ ጎማ ቀጥለን በጣሳዎቹ መሐል አዞርነው። ሚስማር እሳት ላይ እያጋልን ጎማውን በየጣሳው አንጻር በሳነው። መክፈቻው ሲላላ ውሃው ጠብ፣ ጠብ እያለ በአንድ ጊዜ መቶ ሃያውን ጣሳ ያጠጣል። ጎማው ያልደረሰላቸው አርባ አራቱ ደግሞ ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ተሞልቶ አፈራቸው ላይ ተደፋላቸው።

መክፈቻውን መጀመሪያ የከፈትን ቀን ሀሊማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠብታውን ስትሰማ ቆየች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «ቁጭ ብዬ ሳጠጣ ዛሬ ገና ነው።» እኔም ያን ሰሞን ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ መንገደኛ ሳይቀር እጠራ ነበር።

ኡምኩልሱም የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ሀሊማ አርባ ቀን አራሷን ልትንከባከብ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ተነሳች። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። እቴነሽ የመንገድ ዳቦ ይዛ ልትሸኛት መጣች። ጽጌረዳው ሁሉ ፈክቶ፣ ሎሚው ፍሬ ይዞ ነበር። እቴነሽ በሩ ላይ ቆማ «ወይኔ ሲያምር! እንዲህ ያለ ግቢ የት አለ!» አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሀሊማን ነገር ስታደንቅ፣ ዓይን እንዳያገኘው «ማሻአላህ» ሳትል ቀርታ አታውቅም። ክርስቲያን ብትሆንም የጎረቤቷን ወግ ታከብራለች፤ አንዳንዴማ ለእኛ ዶሮዎችም «ማሻአላህ» እያለች ትስቃለች። ያን ቀን ግን ሚኒባሱ ጥሩምባ እየነፋ ነበር፣ ዳቦው እጇን እያቃጠላት ነበር፤ ረሳች። እኔ ልብ አላልኩም። ሀሊማ ግን ልብ ብላ ኖሯል።

በሄደች በስድስተኛው ቀን ስልክ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ከወዲያ ሕፃን ያለቅሳል።

«ነጋሽ፣ ሴት ልጅ ናት፣ ኢንሳፍ አልናት! ስማ፣ ረስቼ ሳልነግርህ። ከዕቃ ቤቱ በር ኋላ ያለውን ማዳበሪያ በርሜሉ ውስጥ ንከረው። ሁለት ቀን ይደርና ክፈተው። ውሃ ብቻውን አያጠግባቸውም፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ» አልኩ። «እንኳን ማርያም ማረቻት!»

ሄጄ የዕቃ ቤቱን በር ከፈትኩ። ከበሩ ኋላ፣ መሬቱ ላይ፣ ጡረታ ስወጣ አንድ የቦርደዴ ገበሬ ወዳጄ የሰጠኝና እኔ ደግሞ ለእሷ የሰጠኋት ዩሪያ ተቀምጧል፤ ሩብ ኩንታል የማይሞላ፣ አፉ እንኳ ያልተፈታ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ተጠቀሚበት» ስላት «ኢንሻአላህ» እያለች ስታሾፍብኝ ነበር። እነሆ በመጨረሻ ሰማችኝ! ደስ አለኝ። ሌላ ነገር መኖሩን ዞር ብዬም አላየሁም።

ስንት ልጨምር? ይህ ጥያቄ መጥቶብኛል፤ አልዋሽም። ስልኬን አውጥቼ ስሟን ፈልጌ አግኝቼ ነበር። ከዚያ አፈርኩ። የማዳበሪያ ሰው፣ ባለሙያው፣ ባዶ ከረጢት ለምትሸጥ ሴት ደውሎ «ማዳበሪያ ስንት ነው የሚጨመረው?» ሊል ነው? ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። መጋዘን ውስጥ ማዳበሪያ ሲከፋፈል አይቼ አላውቅም፤ ኩንታል እንደ ኩንታል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሁሉንም ጨመርኩት። በእንጨት አማሰልኩት፣ ነጩ ፍሬ እንደ ስኳር ሟሟ። ሁለት ቀን አሳድሬ መክፈቻውን አላላሁና ውሃው ጠብ ጠብ ሲል እያዳመጥኩ በኩራት ተቀመጥኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን የሪሃኑ ጫፍ ጠቆረ። በአምስተኛው ቀን ጽጌረዳው እሳት እንደገረፈው ሆነ። ውሃ ጠምቶት ይሆናል ብዬ ከዚያው በርሜል ጨመርኩለት። በስምንተኛው ቀን መቶ ሃያው ጣሳ ቡናማ ሆኖ ቆመ። ሎሚው ቅጠሉን አራግፎ ፍሬው ብቻ ቅርንጫፉ ላይ ቀረ።

የሆነው ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው። ንጹሕ ውሃ ልቀዳበት ባልዲ ፍለጋ ዕቃ ቤት ስገባ ከበሩ ኋላ፣ ከፍ ብሎ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ማዳበሪያ አየሁ። አፉ በገመድ ታስሯል፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የሽቦ ማንጠልጠያ አለው። ከታች እርጥብ ሆኖ የደረቀ ምልክት አለበት። ነካሁት፤ የፍየል በጠጥ ነው። እኔ ጎማውን ቀጥዬ ከሄድኩ በኋላ ሴትዮዋ የራሷን መላ አግኝታ ኖሯል። ፍጉን ከረጢት ውስጥ አስራ በርሜሉ ውስጥ ታንጠለጥለዋለች፤ ጭማቂው ይወጣል፣ ገለባው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፣ የጎማው ቀዳዳ አይደፈንም። በርሜሉ ከንፈር ላይም የማንጠልጠያው ጭረት ነበር፤ ስንት ቀን አይቼው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። «ማዳበሪያውን ንከረው» ያለችኝ ከረጢቱን ነው። የማዳበሪያ ነጋዴ ሌላ ምን ትበል?

እዚያው ዕቃ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። የዩሪያውን ባዶ ከረጢት አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ አጥፌ እሷ ለገበያ ካከማቸቻቸው ከረጢቶች መሐል ከተትኩት። ማዳበሪያ የሚደበቅበት ከማዳበሪያ ነጋዴ ቤት የተሻለ የት አለ? ይህን ሳስብ ብልህነቴ ገርሞኝ እንደነበር ስጽፈው አሁንም አፍራለሁ።

አርባው ቀን ሞልቶ ሀሊማ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆመች። ሻንጣዋን መሬት አላስቀመጠችም። በመጨረሻ ወደ ሎሚው ሄዳ ግንዱን በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው፤ ውስጡም ደርቋል። የአባቷ ሎሚ፣ ከአምስት ኪራይ ቤት የተረፈው።

«ዓይን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን እቴነሽ ‹ማሻአላህ› አላለችም። ወላሂ ልቤ ያኔውኑ ፈርቷል። ዓይን ይመስልሃል ነጋሽ?»

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ጉልበት ይፈጃል? እኔ ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ «ምን ይታወቃል» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሀሊማ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እቴነሽን አልሰደበቻትም፣ ደጅዋንም አልዘጋችባትም። ሊያጽናናት ለመጣ ሰው ግን ያመነችውን ተናገረች፤ የሰማው ለሌላው ተናገረ። በሳምንቱ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት የእቴነሽን ድምፅ ስትሰማ የቲማቲሟን መደብ በጨርቅ ሸፈነች። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ራሷ እቴነሽ ናት፣ እየሳቀች። በማግሥቱ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ባለቤቴ ቀስ በቀስ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ታወርዳለች። ሰው ልጁን አቅፎ በመንገድ ሲመጣ ወደ ማዶ ትሻገራለች። የእኛን ጽጌረዳ እንኳ የምታጠጣው ፊቷን አዙራ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥታ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ትታጠብ ጀመር።

«ነጋሽ» አለችኝ አንድ ቀን ምሳ አቅርባልኝ። «እውነት ዓይኔ ክፉ ይሆን እንዴ? ሰው ራሱን ላያውቅ ይችላል እኮ። አንተ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረኸኝ ኖረሃል። እስቲ ንገረኝ።»

«ተይ ባክሽ» አልኳት ጉርሻዬን ሳልውጥ። «የሰፈር ወሬ ነው።»

እንዲህ ነው ያልኳት። የምትጠይቀኝ እውነቱን ነው፣ እውነቱ ያለው እኔ ጋ ነው፣ እኔ ግን ወሬ ነው ብዬ ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩት። ለምን? ሀሊማን ፈርቼ አይደለም። «ባለሙያው አትክልት አቃጠለ» መባልን ፈርቼ ነው። ገበያ ውስጥ ሳልፍ ሰው እንዳይስቅብኝ፣ ሚስቴ ስታልፍ ሰው ቲማቲሙን እንዲሸፍንባት ፈቀድኩ። ነገሩን በዚህ ሚዛን ሳስቀምጠው የምገባበት አጣለሁ።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ ኡምኩልሱም ልጇን ለሰፈሩ ልታሳይ መጣች። ሰው ሁሉ ይጎርፋል፣ ሳቁ እስከ እኛ ይሰማል። እቴነሽ ከማለዳ ጀምራ ገንፎ አገነፋች፣ በራሷ እጅ የሠራችውን ሰማያዊ የሕፃን ሹራብ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች። አምራ ለብሳ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ሁለቱንም እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ውሰድላቸው» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔ ሕፃን ፊት አልቆምም። አንድ ነገር ብትሆን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ኡምኩልሱምን ከእናቷ ማሕፀን የተቀበለች ሴት ናት ይህን ያለችኝ። ገንፎው እጄን ያቃጥለኝ ነበር፣ ቆሜ ቀረሁ። ያኔም ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ እግሬ ግን ወደ በሩ ወሰደኝ። ሀያ እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው። ስደርስ ሀሊማ ቀና ብላ ከኋላዬ ሰው ፈለገች።

«እቴነሽስ?»

«ትንሽ አሟት» ልል ነበር። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሦስተኛው ውሸት ከሁለቱ ይቀላል። ኡምኩልሱም ግን ሕፃኗን ወደ እኔ አዞረቻት፤ ሕፃኗም ዓይኗን ከፍታ ትክ ብላ አየችኝ። ገንፎውን አስቀመጥኩ። ማንንም ሳላስፈቅድ ጥግ ወዳለው የከረጢት ክምር ሄጄ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሳነሳ ያን ከረጢት አገኘሁት። አውጥቼ ሀሊማ እግር ሥር ዘረጋሁት።

«ይኸውልሽ አዴ ሀሊማ» አልኩ። «ዓይኑ ይህ ነው።»

ከረጢቱን አየች፣ እኔን አየች። «ምንድን ነው ነገሩ?»

«ማዳበሪያውን ንከረው አላልሽኝም? ነከርኩት። ያንን የሰጠሁሽን ዩሪያ።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

ኡምኩልሱም አፏን በሻሿ ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አላወቅኩም። ሀሊማ አልሳቀችም። ከረጢቱን አንስታ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው፣ እንደ ልማዷ።

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አለች። «ጎማው ያልደረሰበት ሬትና ጤና አዳም አልተነካም። ዓይን በጎማ ይሄዳል እንዴ ብዬ ነበር። ግን አንተን ጠየቅኩህ። ‹ምን ይታወቃል› አልከኝ። አንተ ባለሙያ ነህ፣ አንተ ካላወቅክ ማን ያውቃል ብዬ ተውኩት።» ከረጢቱን አጠፈችው። «ደግሞ ማመኑ ቀለለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ሎሚው...»

«ሎሚውን ተወው!» ብላ ጮኸችብኝ፤ በሕይወቴ ስትጮህ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። «ሎሚ ከገለምሶ ይመጣል። ለእኔ መንገር ቀላሉ ነው ነጋሽ። ሂድና ለእሷ ንገራት። እኔ አሁን ሮጬ መሄድ እችላለሁ፤ ግን ከአንተ በፊት ብደርስ አንተን ማዳኔ ነው። ሂድ።»

ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ግን ሄድኩ። እቴነሽ ጓዳ ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ቆሜ፣ ከስልኩ ጀምሬ፣ ሳልደውል የቀረሁበትን፣ ከረጢቱን ያጠብኩበትን፣ «ምን ይታወቃል» ያልኩበትን ሁሉ ነገርኳት። ምስሩን እስክትጨርስ ለቀመች። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን ከቅንድቧ ላይ ገፋ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። በአጠገቤ አልፋ ወጣች።

አጥሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ። መጀመሪያ ሀሊማ ስታለቅስ ተሰማኝ። ቀጥሎ የእቴነሽ ድምፅ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ሆን ተብሎ የወጣ ድምፅ፤ «ማሻአላህ! ማሻአላህ! ዓይኗን እዩት፣ ማሻአላህ!» ሴቶቹ እልል አሉ። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ እኔም አልገባሁም።

አሁን በዚያ ግቢ ሰማንያ ሦስት ጣሳ ደርሷል። ግማሹን የሰጡት ቀድሞ ከሀሊማ የተቀበሉ ሰዎች ናቸው፤ ሙሽሮቹ ልጆቻቸውን አስከትለው እየመጡ ቅርንጫፍ መለሱላት። አፈሩን በሙሉ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ሐሙስ ሐሙስ ፍጉን ከረጢት ውስጥ አስሬ በርሜሉ ውስጥ አንጠለጥላለሁ፣ በሁለተኛው ቀን ውሃው ደካማ ሻይ ሲመስል መክፈቻውን አላላለሁ። ሀሊማ ከርጩማዋ ሆና «የትኛውን ማዳበሪያ ነው ነጋሽ?» ብላ ትጠይቀኛለች፣ ያለው ሁሉ ይስቃል። ገበያም ደርሷል፤ የፈራሁት ሳቅ ይኸው ነው፤ ይህን ያህል እንደማያም ባውቅ ኖሮ።

ያን ቀን ግን እቴነሽ ከሀሊማ ቤት የተመለሰችው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነበር። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከፊቴ ተቀምጣ፣ ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«እኔ ሰው ማየት ትቼ ነበር» አለች። «አንተ ግን ይህን ሁሉ ስሆን ታየኝ ነበር።»